ሆዱ የወደቀ ፊደል

ግንበኛ ከመሠረት ይጀምራል፤ የላስታው ጠራቢ የጀመረው ግን ከጣሪያ ነው። የላሊበላው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ናቸው። ጠራቢውም መጀመሪያ ያገኘው እሱን ገጽ ነው። ከዚያ ዙሪያውን እየፈለፈለ ወደ 12 ሜትር ያህል ወረደ። መሀል ላይ ከተራራው የተለየ፣ በእግሩ ብቻ ከእናት ድንጋዩ ጋር የተያያዘ አንድ አለት ቀረ። በር የተከፈተለትና ሆዱ የተቦረቦረው ከዚህ በኋላ ነው።

ትውፊቱ ሥራውን ሁሉ ለዛግዌው ንጉሥ ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጠዋል፤ ዘመኑም የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ13ኛው መጀመሪያ ነው። ከላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ከእሱ በፊት ተጀምረው ነበር የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ገድሉ መላእክት አግዘውታል ይላል። ድንጋዩን በእጁ የዳሰሰ ሰው መላእክቱ ለምን እንዳስፈለጉ አይጠፋውም። ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ መሮ ይገባዋል፣ ምሕረት ግን የለውም። ግንበኛ አንድ ረድፍ ቢጣመምበት አፍርሶ ይደግማል። ጠራቢ የዓምዱን ጠርዝ አንዴ ከሸረፈ ወይ ዓምዱን ሁሉ ማቅጠን አለበት፣ ወይ ከነነውሩ መተው።

እኔን ከሁሉ የሚገርሙኝ የቤተ ማርያም መስኮቶች ናቸው። በተለያየ ዓይነት መስቀል የተበሱ ናቸው። መስኮት ውስጥ መስቀል ማውጣት ሲያወሩት ቀላል ነው። ጠራቢው ግን አንድ ነገር አይረሳም፤ የሚቀረው ድንጋይ ሁሉ ከሌላው ቀሪ ድንጋይ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። የመስቀሉ ክንድ ከመስኮቱ ማዕቀፍ የሚገናኝበት ጫፍ በስሕተት ከተበጠሰ መስቀሉ ወለል ላይ ነው የሚገኘው። አንባቢ ይህቺን ነገር ይያዝልኝ፤ ከ800 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ይደግምልኛል።

ቅርጹ በድንጋይ ብቻ አልቀረም። በነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት ከተጠበቁት የእንጨት መንበረ ታቦቶች አንዳንዶቹ ላይ የንጉሡን ስም የያዘ የግእዝ ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ተመራማሪዎቹ ስትሬልሲንና ግጋር ተስፋዬ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አንብበው አሳትመውታል። ፊደል እንጨት ላይ በስለት መቅረጽ፣ ዛሬ ማስታወቂያ ቤቶች ውስጥ «ኢንግሬቪንግ» የምንለው ሥራ፣ ላስታ ውስጥ ይህን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። የመስቀል ሠሪዎቹ መንገድ ደግሞ ሁለት ነበር። አንዱ መስቀሉን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ አስወጥቶ በባዶው ቦታ የቀለጠ ናስ ማፍሰስ ነው። ሌላው ከብረት ወይም ከብር ዝርግ ላይ ቅርጹን ቆርጦ ማውጣትና መብሳት ነው። በመጨረሻ ሹል ብረት ይዞ ገጹን መጫር ለሁለቱም ይሠራል። የላሊበላ መስቀል በሚባለው ዓይነት ዙሪያውን የሚታዩት 13 ጉብጉቦች የክርስቶስና የ12ቱ ሐዋርያት ናቸው ይባላል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ደርሶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያይ ስለ ሕንጻዎቹ ከዚህ በላይ ብጽፍ የአገሬ ሰው አያምነኝም ብሎ ሰጋ፤ ያየው ሁሉ እውነት ስለመሆኑም በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አራት መቶ ዓመታት ለነገሥታቱ ታሪክ ብዙ ናቸው፤ ለኛ ትረካ ግን የሚጨምሩት ትንሽ ነው። መሮው ያው መሮ፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ሆኖ ቆየ።

አዲሱ ነገር የመጣው ከሩቅ ነው። ዳርምሽታት በምትባል የጀርመን ከተማ ኦቶ ሮም የሚባል ኬሚስት ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ሁለት መስተዋቶችን የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልጉ መሀል የገባው ፈሳሽ ረግቶ፣ ከመስተዋቶቹ ተላቆ፣ ራሱ መስተዋት መስሎ ወጣ። በ1933 እ.ኤ.አ. ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ተመዘገበ፤ እንግሊዞቹ የራሳቸውን ፐርስፔክስ አሉት፤ እኛ አክሪሊክ እንለዋለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አብራሪዎች መስኮት ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ተሰብሮ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረው የአክሪሊክ ስባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለና በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከዚሁ ነገር የተሠራ ምስሪት በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ከርዕሴ ወጣሁ፣ አውቃለሁ። ግን በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ዋነኛው የሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራው ተገፎለት በሰው ሠራሽ ምስሪት አይቶ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ደረጃውን የሚወርድ አዛውንት ካለ፣ የዚሁ አክሪሊክ ዘመድ በዓይኑ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው አዲስ ነገር ብርሃን ነው። ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴዎዶር ማይማን በሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ያኔ ብዙ ሰው ምን እንደሚሠራበት አላወቀም ነበር። ለቅርጽ ሥራ የሚሆነው በ1964 እ.ኤ.አ. መጣ። በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል ሌዘርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አወጣ። የዚህ ጨረር የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። አክሪሊክ ለዓይናችን ብርሃን እንደ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ያሳልፈዋል። ይህን ጨረር ግን አያሳልፍም፤ ገጹ ላይ ውጦ ያስቀረዋል። የዋጠው ሁሉ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አክሪሊኩ ወደተሠራበት ተን ተመልሶ ይበናል። አመድ የለው፣ ፍርፋሪ የለው። የተቆረጠው ጠርዝም ቀልጦ ስለሚረጋ የተወለወለ መስሎ ያበራል። መጋዝ የቆረጠውን በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ሰው ይህን ሲያይ ይቀናል።

ብረቱም ቀጠለ። በግንቦት 1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ፒተር ሁልድክሮፍት 300 ዋት ሌዘርን ከኦክስጅን ጋር አድርጎ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆረጠ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው በዚያው ሰሞን ላሊበላ ውስጥ የነበረው ሥራ ነው። ቀደም ባለው እድሳት ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ መጥቶ እሱን ያስነሣ ጀመር። በዓለም ሌላ ጫፍ ብርሃን ብረት ሲቆርጥ፣ ላስታ ውስጥ ሰዎች ድንጋይ ለማዳን በእጃቸው ቅባት ይፍቁ ነበር።

በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና ስሜን ተራሮች ከነሱ መካከል ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ቤልጂየም ውስጥ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ነጋዴ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። በነዚያ ዓመታት ሰዉ መስቀሉን ያየው በፎቶግራፍ ነበር። የጠፋ ቅርጽ ልኩ እንኳ በሌላ ቦታ እንዲቀር የሚለው ሐሳብ ለላሊበላ ሰው ከዚያ ወዲህ የቅንጦት ነገር አልሆነም።

ልኩን የወሰደውም ሌዘር ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃይንትዝ ሩተርና የዛማኒ ፕሮጀክት ባልደረቦቹ የቅኝት መሣሪያ ተሸክመው ላሊበላ ገቡ። የነሱ ሌዘር አይቆርጥም። መሣሪያው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጥና ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፤ በመመለሻው ርቀቱ ይሰላል። ብርሃን በሰከንድ ቢሊዮንኛ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሄድ እንዲህ ያለው ሒሳብ የሰው ትዕግሥት የሚችለው አይደለም። ማሽኑ ዞሮ ሲጨርስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበስባል። ግን ከአንድ ቦታ የዓምዱ ጀርባ አይታይም። ስለዚህ መሣሪያውን አንሥቶ ወደ ዓምዱ ማዶ፣ ከዚያ ወደ መቅደሱ ደጅ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው አፋፍ መውሰድ፣ በኋላም የሁሉንም ነጥቦች ገጣጥሞ አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። ቅዳሴ ካለ ይጠበቃል። ሩተርና የዓለም ሐውልቶች ፈንዱ ጋኤታኖ ፓሉምቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራው ለጥገና ክትትል እንዴት እንደሚያገለግል አሳተሙ። ስንጥቅ ሰፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ትናንት ስንት እንደነበር ማወቅ ግድ ነው፤ እነሱ የትናንቱን ልክ አስቀመጡ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ትልልቅ መጠለያዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ቆሙ፤ 2008 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ከዝናብ አዳኑ፤ ክብደታቸው ደግሞ ሌላ ሥጋት ሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ፎቬልና የፈረንሳይ ባልደረቦቹ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ ጥሩ ነገር ጻፉ። ሌላ ቦታ አርኪዮሎጂስት ዘመንን የሚያነበው ከተደራረበ አፈር ነው። ላሊበላ ላይ የኋለኛው ጠራቢ የፊተኛውን ሥራ እያነሣ ስለጣለ፣ ዘመኑ የሚነበበው ከቀረው ጠርዝ፣ ከተደፈነ በርና ከተቆረጠ ቦይ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልውጣ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሌዘር ለረጅም ዘመን የትልልቅ ፋብሪካ ዕቃ ነበር። በመስተዋት ቱቦ የሚሠሩት የቻይና ማሽኖች ርካሽ ሆነው ሲመጡ ነው የኛ ማኅተም ቤትና ማስታወቂያ ቤት ውስጥ የገቡት። ፊደላችን እንኳ መንገዱ አልተጠረገለትም ነበር። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ፎንት የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ያ ጣጣ ዛሬም ጭራው አለ። ቤትህ የተዋበው ጽሑፍ ማሽኑ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ተራ በተራ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ገና ፍላሽህን ሳይሰካ «ወደ ከርቭ ቀይረኸዋል?» ይልሃል። ፊደሉ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ተራ መስመር ይሁን ማለቱ ነው። ሌዘሩ ማንበብ አያስፈልገውም፤ የት ሄዶ የት እንደሚታጠፍ ከተነገረው ይበቃዋል።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በዘመድ ነው። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላን ጎበኙ፤ ፈረንሳይም ለቅርሱ ጥገና እንደምታግዝ ተነገረ። ከተማው ተስፋ አደረገ። እዚያ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያለው የአጎቴ ልጅ ደውሎ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል፣ ማታ ማታ ከኋላው መብራት የሚበራለት ታፔላ አሠርተህ ላክልኝ አለኝ። 3 ሚሊ ሜትር ጥቁር አክሪሊክ መረጥኩ፤ ፊደሎቹ ተቆርጠው እንዲወጡና ብርሃኑ በቀዳዳው እንዲያልፍ ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያው ቤት ሥራውን ተቀብሎ በማግሥቱ አስረከበኝ። ወረቀቱን ገልጬ ሳየው መ የለም። በቦታው አንድ ትልቅ ጎዶሎ አለ። የመ ሁለት ሆዶች ማሽኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ወድቀው ቀርተዋል። ቅሬታዬን ሳሰማ «ኮምፒውተሩ ላይ ልክ ነበር» ተባልኩ። ልክ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ የሚወድቅ ነገር የለም።

ሁለተኛው ቤት ያገኘሁት ወጣት ገና ስክሪኑን እያየ ሳቀ።

«ጋሼ፣ የመ ሆድ እኮ አየር ላይ ነው የተቀመጠው። ዙሪያውን ከቆረጥኩት ምን ይይዘዋል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወይ ከኋላ ነጭ አክሪሊክ ለጥፈን ሆዱን እዚያ ላይ እናጣብቀው። ወይ ድልድይ እንተውለት።»

ብርሃኑ እንዲሁ በቀዳዳው እንዲያልፍ ስለፈለግሁ ድልድዩን መረጥኩ። ከላይና ከታች ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ቀጭን መስመር ሳትቆረጥ እንድትቀር አደረገ። ያኔ ነው የቤተ ማርያም መስኮት ትዝ ያለኝ።

ሥራውን አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ጥቁሩን አክሪሊክ ከነወረቀት ልባሱ አጋደመው። ከመቁረጡ በፊት ከተጣለ ስባሪ ጠርዝ ላይ ትንሽ አቃጥሎ አሸተተ፤ ነጋዴ አንዳንዴ ፒቪሲን አክሪሊክ ነው ብሎ ይሸጣል፣ ፒቪሲ ደግሞ በሌዘር ሲነካ ሳንባንም የማሽኑን ብረትም የሚበላ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ያወጣል። ሽታውን ሰው ባይለምደው ይሻል ነበር፤ ግን የሙያው ብልሃት ይኸው ነው። ቀጥሎ የሌዘሩን አፍ ከሉሁ የሚለየውን ርቀት በትንሽ የአክሪሊክ ቁራጭ ለካ። ውሃ ቱቦውን እያቀዘቀዘ መዞሩን አየ፤ ውሃው ከቆመ ቱቦው ይሰነጠቃል። የአየሩን ፓምፕ ከፈተ። ከዚያ አበራው።

መጀመሪያ የቀረጸው ጥግ ላይ ያደረግነውን የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ነበር። ጨረሩ ወደ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ገጹን ብቻ ላጠው፤ በጥቁሩ ላይ ግራጫ ነጭ ሆኖ ወጣ። ይህ የሚያምረው በመስተዋት መካከል ፈስሶ በረጋው «ካስት» አክሪሊክ ላይ ነው፤ በማሽን ተገፍቶ የሚወጣው ርካሹ ዓይነት ሲቀረጽ ጠርዙ ይቀልጣል እንጂ እንደዚህ አይነጣም። ቀጥሎ ፊደሎቹ ተቆረጡ። የታፔላው ዙሪያ መጨረሻ መጣ።

ለምን ዙሪያው መጨረሻ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ዙሪያውን መጀመሪያ ከቆረጥኩት ይላቀቃል፣ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ የምቆርጠው ፊደል ሁሉ ይዛነፋል» አለኝ። የላስታው ጠራቢ ግን ተቃራኒውን ነበር ያደረገው፤ መጀመሪያ ዙሪያውን፣ ኋላ ሆዱን። የሱ አለት እግሩ ከተራራው ስላልተለየ መንሸራተት አያውቅም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚሠሩበት ነገር የቆመበት ነው። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ላሊበላን አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የላሊበላን መስቀል ግን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚቆርጥ ቆጥሮት አያውቅም፤ ለቁልፍ መያዣ፣ ለሠርግ ማስታወሻ፣ ለዋንጫ።

ሁሉም 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ታፔላው ላሊበላ ደርሶ ተሰቀለ። አንድ ክረምት እንደበራ የ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ እንግዳ ቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። መስመሩ ተበጥሶ መብራት ጠፋ። ለወራትም አልተመለሰም። የላሊበላ መሮ ግን መብራት ኃይልን ጠይቆ አያውቅም፤ ላስታና አካባቢዋ ዛሬም አለት እየፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ መነኮሳት አሏት።

ለ2014 ገና ወጣሁ። ሰዉ ለቤዛ ኩሉ ዝማሬ ከየአገሩ መጥቶ ነበር፤ ከሌሎቹ ዓመታት ግን ሳሳ ያለ ይመስላል። የአጎቴ ልጅ በር ላይ ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ ሥራው ጥሩ ነበር፤ የጠፋው እንግዳው ነው» አለኝ። የታፔላው ኤልኢዲ ከሞተ ቆይቷል። በዋዜማው ከኋላው ጧፍ አቁሞበት ነበርና ፊደሎቹ በትንሽ በትንሹ እየተርገበገቡ ይነበባሉ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከመ ሁለት ሆዶች የአንዱ የላይኛው ድልድይ ተሰብሯል። አውልቆ አልጣለውም፤ በጧፍ ሰም አጣብቆታል።